ከሸክላው እስከ ባለቤቱ፦ የተረሱ የዐረብኛ ዘፋኞችና የሸርቆሌ ጠረፍ

(መክፈቻ፦ የታንቡር ድምፅ ለዐሥር ሰከንድ ብቻውን ይሰማል፤ ከዚያ ከተራኪው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል። በዝግጅቱ የሚጠሩት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተራኪ፦

የሱዳን የዐረብኛ ዘፈን ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሸክላ፣ በሬዲዮና በካሴት ነው። ዜማዎቹ ዛሬም በሰርግና በመኪና ውስጥ ይሰማሉ። የብዙዎቹ ዘፋኞች ስም፣ ዘፈኑ የተቀረጸበት ዓመትና ሸክላውን ያሳተመው ድርጅት ግን ተረስቷል። ከ2010 ወዲህ እነዚህን ድምፃውያን ፈልጎ የማግኘት ሥራ በርክቷል። ፍለጋው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ዓመታት በአቧራ ውስጥ ከከረመ አንድ ሸክላ ነው። ይህ ዝግጅት ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ፣ እነማን እንደተገኙ፣ እንደ ሸርቆሌ ያለ የጠረፍ አካባቢም ለፍለጋው ምን ሊያበረክት እንደሚችል ይተርካል።

ክፍል አንድ፦ ጠረፉ

ሸርቆሌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን የሚገኝ፣ ከሱዳን ጋር የሚዋሰን ወረዳ ነው። ጎረቤቱ ኩርሙክ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራ ከተማ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም አለ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ በርታ ሲሆን አብዛኛው ሙስሊም ነው። በርታ የራሱ ቋንቋ አለው፤ የሱዳን ዐረብኛ ደግሞ የገበያው፣ የሃይማኖት ትምህርቱና ከወዲያ ማዶ ዘመድ ጋር የመገናኛው ቋንቋ ሆኖ ኖሯል።

ግንኙነቱ ረጅም ዕድሜ አለው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ጀላባ የሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች በቤላ ሻንጉል (በዛሬው ቤኒሻንጉል) ወርቅ ምክንያት ወደ አካባቢው ይመላለሱ ነበር። አገሩ በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላም ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን አካባቢውን በገዙበት ዘመን ንግዱና ዝምድናው አልተቋረጠም። ዘፈኑም ሰውና ዕቃ በሚመላለስበት በዚያው መንገድ ተመላልሷል።

የበርታ የራሱ ሙዚቃ ከሱዳኗ ከተማ ከኦምዱርማን ዘፈን የተለየ ነው። ከቅል የሚሠራው ዋዛ የሚባለው ረጅም መለከት በቡድን ይነፋል። እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚሟላው ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉት ነው። በርታ ከክራር ጋር የሚዛመድ የክር መሣሪያም አለው። ይኸው የመሣሪያ ቤተሰብ በሱዳን ሰሜን ታንቡር ይባላል። በ1980ዎቹ ዩኔስኮ ባሳተመው የዓለም ባህላዊ ሙዚቃ ተከታታይ ውስጥ ከሱዳኑ የብሉ ናይል ግዛት የተቀረጹ የበርታ፣ የጉሙዝና የኢንገሰና ሙዚቃዎች በሸክላ ወጥተዋል። ቅጂዎቹን ዛሬ የሚያሰራጨው በአሜሪካ የሚገኘው ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ ነው።

የሱዳን ዘፈን በኢትዮጵያ በቀላሉ የተወደደበት ምክንያት በቅኝቱ ውስጥ ይገኛል። የካይሮና የደማስቆ ዜማ መቃም በሚባለው የዐረብ ቅኝት ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ሲሆን በግማሽና በሙሉ ድምፅ መካከል ያሉ ርቀቶችንም ይጠቀማል። የሱዳን ዘፈን አብላጫው በአምስት ድምፅ ቅኝት ይሄዳል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን እየሰማ ያደገ ሰው የግጥሙን ቋንቋ ባያውቅ እንኳ ዜማውን ይከተላል። ስለዚህ የሱዳን ድምፃውያን በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያ፣ በጅቡቲና በቻድ ብዙ አድማጭ ሲያገኙ በሌላው የዐረብ ዓለም ያን ያህል አልታወቁም። አንድ የሱዳን ዘፋኝ በካይሮ ገበያ ሳይታወቅ ቀርቶ አዲስ አበባ ላይ ሊወደድ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍል ሁለት፦ ከሸክላ ወደ ሞገድ፣ ከሞገድ ወደ ካሴት

(ድምፅ፦ የ78 ዙር ሸክላ ሹክሹክታ፤ ከበስተጀርባ ጭብጨባና ሪቅ የተባለው የእጅ ከበሮ።)

የመጀመሪያዎቹ የሱዳን ዘፈኖች በሸክላ የተቀረጹት በ1920ዎቹ በካይሮ ነው። የግሪክ ተወላጁ ነጋዴ ዲሚትሪ አልባዛር ዘፋኞችን ከሱዳን ወደ ካይሮ እየላከ በማስቀረጽ ይታወቃል። የዘመኑ ዘፈን በድምፅ፣ በጭብጨባና በሪቅ የሚታጀብ ሲሆን ኋላ ሐቂባ የሚል ስም ወጣለት። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው መሐመድ አሕመድ ሱሩር ያረፈው ከአገሩ ውጭ፣ በ1946 አስመራ ውስጥ ነው።

ሬዲዮ ኦምዱርማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1940፣ ከከተማው ፖስታ ቤት ሥርጭት ጀመረ። በመጀመሪያ የሚያሰማው በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓኢሻ አልፈላቲያ በጣቢያው የዘፈነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ወንድ ዘፋኞች ቢቃወሙም ከማይክራፎኑ አልወረደችም፤ በጦርነቱ ጊዜ ለሱዳን ወታደሮች ዘፍናለች። ያረፈችው በ1974 ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኡድ የተባለው የክር መሣሪያ፣ ቫዮሊንና አኮርዲዮን በአንድ ኦርኬስትራ ተሰባሰቡ። መሐመድ ወርዲ፣ ሰይድ ኸሊፋ፣ ኢብራሂም ዓወድና ሌሎችም በዚህ ዘመን ገነኑ። በ1960ዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲጨመር ሱዳኖች ጃዝ ያሉት ሙዚቃ መጣ። ይህ ከአሜሪካው ጃዝ ይልቅ ለሮክ ኤንድ ሮልና ለምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የጊታር ስልት ይቀርባል። ዘፈኖቹ 45 ዙር በሚዞሩ ትናንሽ ሸክላዎች ይወጡ ነበር። አንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ረጅም ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በጀርባው ይታተማል።

ካሴት ሲመጣ ይህ ገደብ ቀረ። አንድ ካሴት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ማንም ሰው ቤቱ ሊያባዛው ይችላል። ካሴት ዘፈኑን ከሸክላ የበለጠ ርቀት አድርሶታል። ጉዳቱ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲባዛ የዘፋኙ፣ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ስም እየወደቀ መሄዱ ነው። ሸክላ ስሙን በመሐሉ ታትሞ ይዟል፤ የተባዛ ካሴት ላይ ያለው ግን ባለቤቱ በእስክሪብቶ የጻፈው ነው፤ ያም ካለ።

ክፍል ሦስት፦ ስሙ የጠፋበት ምክንያት

የሱዳን ዘፋኞች ከገበያ የወጡት ተሰጥኦ አጥሯቸው አልነበረም። በሰኔ 1989 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የኦማር አልበሽር አገዛዝ በሙዚቃ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር አደረገ። መድረኮች ተዘጉ፤ ሰዓት እላፊው የሌሊት ዝግጅቶችን አስቀረ። መሐመድ ወርዲ ከአገሩ ወጥቶ ለዓመታት በስደት ኖረ። በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት የተቀረጸው በዚያ የስደት ዘመን ሲሆን በአልበም ወጥቷል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ድምፃዊው ኾጀሊ ዑስማን በኦምዱርማን የሙዚቀኞች ማኅበር ውስጥ በአክራሪ ሰው በስለት ተወግቶ ተገደለ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሸክላ የሚያሳትሙ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ማስተር ቴፖች ይበተናሉ፤ ሙዚቀኞችም ሌላ ሥራ ይይዛሉ ወይም ይሰደዳሉ። ለቀጣዩ ትውልድ የሚደርሰው በየቤቱ የተረፈው ሸክላና ካሴት ብቻ ይሆናል። ከአገር ውጭ፣ በጎረቤት አገር የተረፈው ቅጂ ደግሞ በአገር ቤት ከተረፈው ያላነሰ ዋጋ ይኖረዋል።

ክፍል አራት፦ የተገኙት

(ድምፅ፦ ጊታርና ከበሮ፤ አጭር።)

የተረሳ የዐረብኛ ዘፋኝን በሸክላ ስለማግኘት ሲነገር ቀድሞ የሚጠቀሰው የሞሮኮው ፋዱል ነው። በ2012 ያኒስ ሽቱርትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሙዚቃ አሳታሚ ካዛብላንካ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ገባ። ቤቱ ድሮ ሙዚቃ ይሸጥበት ስለነበር ከጥግ ላይ አሮጌ ሸክላዎች ተከምረው ቆይተዋል። ከክምሩ ካወጣቸው ውስጥ አንዱ የጄምስ ብራውንን ዜማ በዐረብኛ ግጥም የሚዘፍን ድምፅ ነበረው። ሸክላው ላይ ፋዱል ከሚለው ስም ሌላ ወደ ሰውየው የሚመራ ነገር አልነበረም። ሽቱርትዝ ሙዚቀኞችንና የሰፈር ሰዎችን እየጠየቀ ቤተሰቡን እስኪያገኝ ዓመታት ወሰደበት። ፋዱል በ1991 ሞቶ ነበር። ቤተሰቡ ስለ ሕይወቱ ያላቸውን ተናገሩ፤ የኅትመት ውልም ተፈረመ፤ የፋዱል ዘፈኖች በ2015 መጨረሻ በአልበም ወጡ። ሃቢቢ ፈንክ የተባለው የሽቱርትዝ ማሳተሚያ ትርፉን ከዘፋኙ ወይም ከወራሾቹ ጋር እኩል ይካፈላል።

ከሞሮኮ ይልቅ ለሸርቆሌ የሚቀርበው ታሪክ የሸርሐቢል አሕመድ ነው። ሸርሐቢል በ1935 በኦምዱርማን ተወለደ። ሥነ ጥበብ ተምሮ በሕፃናት መጽሔት ሠዓሊነት ሠርቷል፤ ሱዳናውያን ልጆች የሚያውቁትን ዐሙ ታንጎ የተባለ የሥዕል ገጸ ባሕርይ የፈጠረው እሱ ነው። በሙዚቃው በኩል ኤሌክትሪክ ጊታርን በሱዳን ዘፈን ውስጥ ካስገቡት ግንባር ቀደሞች አንዱ ሆነ። በባንዱ ውስጥ ጊታር ትጫወት የነበረችው ባለቤቱ ዘኪያ አቡልቃሲም በሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጊታሪስት ተደርጋ ትቆጠራለች። ሸርሐቢል በአገሩ ቢከበርም ከሱዳን ውጭ ዘፈኑን የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነበር። በ2020 ሰባት ዘፈኖቹ በአንድ አልበም ሲታተሙ በአውሮፓና በአሜሪካ አዲስ አድማጭ አገኘ። በሕይወት ስለነበረ ታሪኩን የተናገረው ራሱ ነው። ፍለጋ በጊዜው ሲደረግ የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው።

ሦስተኛው የታንቡር ተጫዋቹ አቡ ዑበይዳ ሐሰን ነው። ከሱዳን ሰሜን፣ ከሻይጊያ ሕዝብ የወጣው ይህ ሙዚቀኛ የገጠሩን መሣሪያ ይዞ ወደ ዋና ከተማው መጥቶ ስም አወጣ፤ ኋላ ግን ከመድረክ ራቀ። ሞቷል እየተባለም ይወራ ነበር። ኦስቲናቶ የተባለው ማሳተሚያ ሰዎች ሲያፈላልጉት በኦምዱርማን ዳርቻ ሲኖር ተገኘ፤ በ2018 ዘፈኖቹ እንደ ገና ታተሙ። ይኸው ማሳተሚያ በዚያው ዓመት ወርዲን፣ ሰይድ ኸሊፋን፣ ኢብራሂም አልካሺፍን፣ ኾጀሊ ዑስማንን፣ ሐናን ቡሉ ቡሉንና ሌሎችን የያዘ የሱዳን ዘፈን ስብስብ አወጣ። ለስብስቡ ቅጂ ሲፈለግ ኢትዮጵያም ከፍለጋው አገሮች አንዷ ነበረች።

በኢትዮጵያም በዐማርኛ ዘፈን ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ ዐሥር ዓመታት ተሰማ እሸቴ ጀርመን ውስጥ በሸክላ ያስቀረጻቸው ዘፈኖች ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 27ኛ ቁጥር ተሰብስበው ወጡ። ተከታታዩን የጀመረው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ወደ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የተሳበው በ1980ዎቹ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ነው። ያ ሥራ ሊቃና የቻለው ቀድሞ ሸክላ ያሳተሙ ኢትዮጵያውያን ስለነበሩ ነው። አምኃ እሸቴ በ1969 የጀመረው አምኃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ ወደ መቶ የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አውጥቷል። ባሕር ዳር ላይ የተገኘ አንድ ካሴትም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ የነበረውን ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያን በ2013 ወደ ዓለም መድረክ መልሶታል።

ክፍል አምስት፦ ሸክላ እንዴት ይነበባል

(ድምፅ፦ መርፌ ሸክላ ላይ ሲያርፍ።)

ሸክላ ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ ማጫወት አይደለም። መጀመሪያ የተሠራበት ነገር ይለያል። ከባድ፣ በቀላሉ የሚሰበርና በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ላክ ከሚባል ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ ነው። ቀላልና ተለማጭ የሆነው ከ1948 ወዲህ የተስፋፋው ቪኒል ሲሆን በ33 ወይም በ45 ዙር ይዞራል። ልዩነቱ በጽዳት ጊዜ ዋጋ አለው። አልኮል የአሮጌውን ሸክላ ሙጫ ስለሚያሟሟ ያበላሸዋል፤ ለእሱ የተጣራ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። መርፌውም የተለያየ ነው። የ78ቱ መስመር ሰፊ በመሆኑ በቪኒል መርፌ ቢጫወት መርፌው ከመስመሩ ወለል ላይ ይንሸራተታል፤ የሚሰማውም ከዘፈኑ ይልቅ ጫጫታው ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ ጽሑፉን መመዝገብ ነው። በመሐሉ ክብ ወረቀት ላይ የአሳታሚው ስም፣ የዘፋኙ፣ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ስም፣ የካታሎግ ቁጥርም ይኖራል። ወረቀቱ ቢላጥ እንኳ ዘፈኑ አልቆ መርፌው በባዶ በሚዞርበት ጠርዝ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ይገኛል። ቁጥሩ ሸክላው የታተመበትን ቅርጽ ስለሚለይ፣ ከሌሎች ሸክላዎች ቁጥር ጋር ሲነጻጸር የተቀረጸበትን ጊዜ ለመገመት ይረዳል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የወጡ በርካታ የዐረብኛ ሸክላዎች ላይ ደግሞ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የኩባንያውና የዘፋኙ ስም ጮክ ተብሎ ይነገራል፤ ወረቀቱ የጠፋ ሸክላ ባለቤት በዚህ ሊታወቅ ይችላል።

ሦስተኛው ማዳመጥ ነው። ዐረብኛው የየት አገር እንደሆነ፣ ቅኝቱ አምስት ድምፅ ይሁን መቃም፣ አጃቢው ጭብጨባ ይሁን ኦርኬስትራ ፍለጋውን ያጠብበዋል። የስም አጻጻፍ ግን ያሳስታል። አንድ ዘፋኝ በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ ዐረብኛው ጽሑፍ ፊደል በፊደል መቀዳት አለበት።

አራተኛው ወደ ዲጂታል መቅዳት ነው። የድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ መቅዳትን ይመክራሉ። መጀመሪያ የሚያዘው ቅጂ ጩኸቱ ያልተጸዳ መሆን ይኖርበታል፤ የሚጸዳው ሌላ ቅጂ ነው። ፍጥነቱም መረጋገጥ አለበት። ጥንታዊዎቹ ሸክላዎች ሁልጊዜ በልክ በ78 ዙር አልተቀረጹም፤ ፍጥነቱ ከተዛነፈ የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። በመጨረሻ ሸክላው ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ቆሞ ይቀመጣል። እንደ አሶሳ ቆላ ባለ ሙቀት ተኝቶ የተከመረ ቪኒል በቀላሉ ይጣመማል።

ይህ ሁሉ በትልቅ ደረጃ ሲሠራ የሚታየው ሊባኖስ ውስጥ ነው። በ2009 የተቋቋመው አማር የተባለ የዐረብ ሙዚቃ መዝገብ ወደ 7000 የሚጠጉ ሸክላዎችን ይዞ ይቀዳል፤ ያጠናል፤ ታሪካቸውንም ያሳትማል።

ክፍል ስድስት፦ መብቱና የጠረፉ ድርሻ

ሸክላ ያገኘ ሰው የያዘው ዕቃውን ነው፤ የዘፈኑ መብት የሌላ ሰው ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. መሠረት የገጣሚውና የዜማ ደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመናቸውና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የከዋኙና የድምፅ ቅጂ አሳታሚው መብትም ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ዘፋኙን ወይም ወራሾቹን መፈለግ ከታሪክ ጸሐፊው ሥራ በተጨማሪ ሕጉም የሚጠይቀው ነው። በኢንተርኔት ያለ ስም የሚለጠፍ አሮጌ ዘፈን ከመረሳት ቢድንም ባለቤቱ እንደ ተረሳ ይቀራል።

የሸርቆሌና የአካባቢው ድርሻ እዚህ ላይ ይመጣል። በርሊን ወይም ኒው ዮርክ ያለ አሳታሚ ቁጥሩን ያነባል፤ መርፌውን ይመርጣል፤ ድምፁን ያጸዳል። የዘፈኑ ዐረብኛ ከሱዳን አካባቢዎች የገዚራ ይሁን የኮርዶፋን፣ ግጥሙ ስለማን እንደ ተገጠመ፣ ዘፋኙ የማን ልጅ እንደሆነ የሚነግረው ግን በዚያ ዘፈን ያደገ ሰው ነው። በሸርቆሌ ስም የሚጠራው የስደተኞች መጠለያ ከ1997 ጀምሮ የሱዳንና የደቡብ ሱዳን ሰዎችን አስተናግዷል። ሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው በኩርሙክ በኩል ገብቷል፤ በ2024 ኡራ ላይ ሌላ መጠለያ ተከፍቷል። በእነዚህ መጠለያዎች ካለው ሕዝብ መካከል ሬዲዮ ኦምዱርማንን እየሰሙ ያረጁ ሰዎች ይገኛሉ። የጣቢያው ግቢ ራሱ በጦርነቱ የውጊያ ቦታ ነበር፤ የሱዳን ጦር ያስመለሰው በመጋቢት 2024 ነው። ዋናው ማኅደር አደጋ ላይ ሲወድቅ በጎረቤት አገር ያለ ቅጂና በሰው ዘንድ ያለ ዕውቀት የበለጠ ያስፈልጋል።

ለዚህ ትልቅ ስቱዲዮ መክፈት የግድ አይደለም። በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚቀመጥ አንድ መዝገብ ለጅምር ይበቃል። በመዝገቡ ላይ ሸክላው ወይም ካሴቱ በማን እጅ እንዳለ፣ ከየት እንደመጣ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው በሙሉ፣ የወረቀቱ ፎቶግራፍ፣ ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው የሰጠው ቃልና ቃሉ የተሰጠበት ቀን ይሰፍራል። ባለቤቱ ሸክላውን መስጠት አይጠበቅበትም፤ ተቀድቶ ይመለስለታል። የበርታ ዋዛ ነፊዎችና የክር መሣሪያ ተጫዋቾችም በዚሁ መዝገብ በየስማቸው ቢያዙ፣ ዛሬ በሱዳን ዘፋኞች ላይ የሚደረገው ፍለጋ ነገ በእነሱ ላይ አይደገምም።

(መዝጊያ፦ የታንቡርና የጭብጨባ ድምፅ ከፍ ይላል። የዘፈኑ ርዕስ፣ የዘፋኙ፣ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ስም ተነቦ ዝግጅቱ ያበቃል።)